ያልተከፈተው ኩላንት

«ውሃ ውሃ ነው። መኪናዬ ስንት ዓመት ውሃ ጠጥታ አልሞተችም።»

«ትሞታለች፣ ጠብቅ። ውሃ ብቻውን ቶሎ ይፈላል። ሌላ ነገር ሲሟሟበት ነው ሙቀት የሚችለው።»

«በቃ ጨው ልጨምርባታ።»

«ጨውማ ራዲያተሩን ይበላዋል። ያኔ ተሳፋሪ በጀርባህ ነው የምታመላልሰው» አለችና ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች።

ሚልክያስ ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ጠልቶ የቀረ፣ ከሶዶ ተበላ ከተማ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሶሲ ደግሞ ሶዶ ውስጥ ባባቷ መለዋወጫ ሱቅ የምትሸጥ ልጅ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚኒባሱ አምፖል በወር ሰባቴ ተቃጠለ። ሻጯም አውቃለች፣ ገዢውም አውቋል፤ ሁለቱም ዝም።

አባቷ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ግን ዝም አላሉም። ሽማግሌ ቢልክ ከበር እንደሚመልሱ፣ ልጃቸውን ለመሪ ጨባጭ እንደማይሰጡ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። ሶሲ ይህን ሰምታ፣ ሦስቴም ቢመልሱ አራተኛ እንዲልክ ነገረችው።

የዚያን ለት ከመደርደሪያው የራዲያተር ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚጨመረውን አረንጓዴ ኩላንት አንድ ሊትር አወረደች። ኩላንቱን አባቷ ናቸው ሱቁ ጓዳ ውስጥ ከበርሜል እየቀዱ የሚያሽጉት። ጓዳው ውስጥ ከሳቸው በቀር ማንም አይገባም። በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችው፤ ጣቷ ጣቱ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ዛሬውኑ ጨምርበት። አንተ እንድትከርምልኝ ነው።»

ጅሉ አልጨመረውም። የሷ እጅ የነካውን ነገር ራዲያተር ውስጥ መድፋት ጨነቀው። ራስጌው አስቀምጦ ጠዋት ጠዋት ያየዋል። ጨመርክ ወይ ስትለው፣ ጨመርኩ ይላታል።

አንድ የገበያ ቀን ሶሲ ተበላ ያለችውን አክስቷን ጠይቃ ስትመለስ ጋቢና፣ አጠገቡ ተቀመጠች። ከላይ የበቆሎ ጆንያ፣ ከውስጥ ሰው በሰው ላይ። ዳገቱ መሃል ላይ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ነካ፤ እንፋሎት ከወንበሩ ስር ተትጎለጎለ። ሰው እያጉረመረመ ወረደ።

ሚልክያስ ሞተሩን የሸፈነውን የጋቢና ወንበር ሲያነሳ ሶሲ ደግፋ ያዘችለት። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ አለችው። ከዚያ ዓይኑን አየችው።

«ኩላንት ካለው ለምን ይፈላል?»

ሚልክያስ ያን ዓይን መቋቋም አቃተው። ለመሸሽ ብቻ ጎንበስ አለ፤ የራዲያተሩ ክዳን ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ አዞረው።

ውሃው እሱን ዘለለው። አንገቷንና ክንዷን ነው ያገኘው። ሰው የፈላ ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚጮህ ሚልክያስ አያውቅም ነበር።

ስምንት ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ዓይኗን እንዳያይ ከልክለውታል። ነርሷ ስትወጣ ይጠይቃታል፤ ቁስሉ አመርቅዟል ትለዋለች፣ ክንዷ እንደ ድሮው መዘርጋቱን እንጃ ትለዋለች። በዘጠነኛው ቀን ኩላንቱን በፌስታሉ እንደያዘ ማንንም ሳያስፈቅድ ገባ። ሶሲ በፋሻ ተጠቅልላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። የተኛች መሰለው።

አልጋው አጠገብ ከተቀመጡት ከአባቷ እግር ስር ተንበረከከ።

«ጋሼ፣ ይኸው። ጨምርበት ብላ ሰጥታኝ ነበር። ከእጇ ስለሆነ ሳሳሁለት፣ ጨመርኩ ብዬም ዋሸኋት። ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ያሻዎትን ያድርጉኝ።»

አንገቱን ደፍቶ ጥፊውን ጠበቀ። ጥፊው አልመጣም።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጠርሙሱን ተቀብለው ማሸጊያውን ባውራ ጣታቸው ዳበሱ። ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ እጃቸው ላይ ወደቀ።

«ብትጨምረውም ይፈላ ነበር» አሉ ድምፃቸው ሰልሎ። «ቀለም የነካው ውሃ ነው። እኔው ነኝ የሞላሁት።»

ሶሲ ቀስ ብላ፣ ፋሻው እያሳመማት ዞረች። አባቷን አላየችም።

«ሚልኪ፣ ሽማግሌ መላኩን ተወው።»

ሚልክያስ ከጉልበቱ ሊነሳ እጁን ወለሉ ላይ ደገፈ።

«ያንተን ውሸት ተጋብተን ቤታችን ስንገባ እንጨርሰዋለን። ከዚህ ሰውዬ ግን ማንም እኔን አይለምንም።»