የቸኮሉት የዓሣ ዘሮች

ዶክተር መርስዔ ኃዘን ሞቶ የተገኘው ጉንጩ እንደ ሙሽራ ቀልቶ ነው። በሕይወት ሳለ እንኳ እንዲህ አምሮበት አያውቅም ነበር። ሻምበል ወልደ ጻድቅ ፊቱን ካየ በኋላ ዓይኑን ወደ ግርጌ አወረደ። ከበግ ጠጉር የተሠራው ባና፣ ብርድ ልብሱ፣ በሟቹ እግር ሥር ግራና ቀኝ ተሸጉጧል።

«ማንም አልነካቸውም?»

«ማንም» አለች የሟቹ ሚስት የትምወርቅ። «እንዳገኘሁት ነው። ገዳዩ ግን ያውና!»

ገዳይ ያለችው ዘበኛውን ፈንታን ነው። ፈንታ ደጅ ካለው ምሰሶ ላይ የፊጥኝ ታስሯል። ከዶክተሩ ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ማታውን ለዕርቅ ብሎ አረቄ አመጣለት፤ ጧት ዶክተሩ አልነቃም። አገሩ «መርዝ ነው» ብሎ ፈርዶ ጨርሷል። የሟቹ ወንድሞችም ጠመንጃቸውን ይዘው ከወንዙ ማዶ ቆመዋል።

ሻምበል በዚህ ዓለም የሚጠላው ሁለት ነገር ነው፤ በቅሎና የቸኮለ ፍርድ። ከመሐል ሜዳ ከተማ በበቅሎ መጥቶ ገና እንደተሻገረ ወንዙ ከኋላው ሞላ። ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ስለሆነ ሬሳውን መቅበር አልተቻለም። ፈንታን ማሸሽም አይሆንም፤ ከቤቱ ጀርባ ገደል ነው። ውሃው ሲጎድል ወንድማማቾቹ ፈቃድ አይጠይቁም።

«እንግዲህ ሟችም እስረኛም ፖሊስም አንድ ላይ ታጉረናል» ብሎ ፈንታ ዘንድ ሄደ። «ለምን ተጣላችሁ?»

«እናት ዓሦቹን ሰርቀህ በላህ አሉኝ፣ ጌታዬ። እኔ ደግሞ ዓሣ ስበላ እናቴም አላየችኝ!»

«አረቄውስ?»

«አንድ መለኪያ ለሳቸው፣ አንድ ለኔ፤ ከዚያው ጠርሙስ። እኔን ለምን ማረኝ?»

«እሱን ማዶ ላሉት ንገራቸው» አለ ሻምበል፤ ገመዱን ግን ላላ አደረገለት።

ዶክተሩ ባሕር ማዶ ተምሮ ሲመለስ ከጓሳው ደጋ ግርጌ ይህን ቤት ሠራ። ግድግዳው በሲሚንቶ የተመረገ ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ መስኮቱ መስታወት ነው። በውስጡ የወንዝ ዓሣ ዕንቁላል ይመረምር ነበር። ባልና ሚስቱ ልጅ ስላልነበራቸው ጎረቤት «ዶክተሩ ዘር ፍለጋ ዓሣ ሆድ ገባ» እያለ ያማል። ሻምበል ክፍሉን ዞሮ አየ። የመስኮቱና የበሩ ክፍተት በበግ ጠጉር ተወትፏል።

«ይህን የወተፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች የትምወርቅ። «ይስል ነበር። ያንን እንኳ ፈቅዶልኛል።»

«እሳትስ ገብቶ ያውቃል?»

«በጭራሽ! እሳት እንዳላስገባ በእመቤቴ አስምሎኛል፤ ዕንቁላሎቹ ብርድ ይሻሉ እያለ። ዓሣ ጣውንት ሆናብኝ እሱ እዚህ እነሱን ሲጠብቅ ያድራል፤ እኔ ጎጆዬ ብቻዬን።» ቃሏ እንባ ላይ ደርሶ ቆመ።

ሻምበል እንባዋን አመነ፤ መሐላዋን ግን ለጊዜው አቆየው። ጎጆዋ ጎራ ብሎ ሲያይ ከኩበቱ ክምር አጠገብ አንድ የሸክላ ምድጃ ነበር፤ ውስጡ የተረፈ ከሰል አለበት።

ሦስተኛው ሰው የዶክተሩ ረዳት አቶ ዓምደ ሚካኤል ነው፤ ቀጭን፣ የተማረ፣ ላብ የሚያጠምቀው።

«እርስዎስ ከሟቹ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ባለፈው አንድ ሥራ ስላበላሸሁ ሊያባርሩኝ ነበር» አለ ረዳቱ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«በምን ተበላሸ?»

«ዕንቁላሎቹን ፀሐይ ላይ ረስቼ፤ ከሞቃቸው ያለ ጊዜያቸው ያድጋሉ።» ከዚያም ስለ ሥራው ሲናገር ፍርሃቱን ረሳ። «ይዩ፤ የአንዲት ዓሣ ዕንቁላል ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ በቅርጫት ወንዝ ውስጥ፣ ግማሹ እዚህ ሳህን ላይ ያድራል። ጧት ከሁለቱም እየወሰድኩ መድኃኒት ውስጥ እጨምራለሁ፤ ጽንሱ እደረሰበት ላይ ይቆማል። ያን ዕለትም ሞታቸው ሳይሰማ እንደ ልማዴ ወሰድኩ።»

አንድ ጠርሙስ አወጣና ከውስጡ ያለውን ስስ አድርጎ ቆርጦ፣ ቀለም አጠጥቶ ማይክሮስኮፕ ሥር አኖረው። «የዚያን ጧት የወንዙ ነው። እነዚያ ትልልቆቹ የዘር ሕዋሳት ናቸው። ጽንሱ ገና ቅርጽ ሳይዝ ከሌሎቹ ተለይተው ይፈጠራሉ፤ በተፈጠሩበት ግን አይቀሩም። በሚሠራው ገላ ውስጥ ተጉዘው የዘር ፍሬ የሚሆኑበት ቦታ ይገባሉ። እዚህ ገና ከዳር ናቸው።»

«የክፍሉስ ጠርሙስ?»

ሻምበል እጁን ዘርግቶ ጠበቀ፤ ጠርሙሱ በመጨረሻ ከረዳቱ ኮት ኪስ ወጣ፤ ያም ተቆርጦ ማይክሮስኮፑ ሥር ገባ።

«ተሳስቻለሁ፣ ሻምበል። ከሌላ ቀን ጋር ቀላቅየዋለሁ መሰለኝ። እነዚህ እኮ ቦታቸው ደርሰዋል!»

«ሁለቱ ጠርሙሶች የተሞሉት በአንድ ጧት ነው?»

«በእግዜር ስም፣ አዎ።»

«ታዲያ አልተሳሳቱም» አለ ሻምበል።

ጉሙ ሲገለጥ የወንዙ ድምፅ ቀንሶ ነበር። ማዶ ያሉት ጥልቀቱን በዱላ መለካት ጀመሩ። ሻምበል ፈንታን ፈትቶ አስገባና ሦስቱንም ከሟቹ አልጋ ዙሪያ አቆማቸው።

«አረቄው ንጹሕ ነው፤ የጠጣው ሰው ይኸው ቆሟል። የሞተ ሰው ፊት እንዲህ ሲቀላ ግን አዲስ አበባ አይቻለሁ፤ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ባልና ሚስት እንዲሁ ቀልተው ሞቱ። እዚህ ግን እሳት አልነበረም ተባልኩ። ምስክር የሆኑኝ ዓሦቹ ናቸው። ከአንዲት እናት ወጥተው የወንዙ ዘሮች ገና መንገድ ላይ ሳሉ የክፍሉ ዘሮች ቀድመው ደረሱ። ያቻኮላቸው ሙቀት ነው።»

«እኛም በየቤታችን እሳት አንድደን እናድር የለም?» አለ ፈንታ።

«ያንተ ቤት ሣር ነው፣ ይተነፍሳል። ይህ ግን ሲሚንቶ ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ በጠጉር ተወትፏል። በዚህ አገር የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበት ቢሆን ደግሞ ጢሱ ይናገር ነበር። ስለዚህ ከቆላው ከመርሐቤቴ የመጣ ከሰል ተመረጠ። ዶክተሩ ሲነቁ እንዳያውቁ ምድጃው ከተኙ በኋላ ገብቶ ሳይነጋ ወጣ።» ሻምበል ባናውን ነካ አደረገ። «ያስገባው ጠላት አይደለም። ጠላት የሰው እግር ሥር ልብስ አይሸጉጥም።»

የትምወርቅ የባሏን እግር እያየች ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«መሐላዬን ማፍረሴ እሬሳው ፊት አሳፍሮኝ ነው የዋሸሁት» አለች። «ከሰሉ ይገድላል ብዬ መች አሰብኩ? አረቄው ነው ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። ምድጃውን ሳወጣ አየሁት፤ ጉንጩ ቀልቷል። ዛሬስ ሞቆት ተኛ ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ።»

ሻምበል ኮፍያውን አወለቀ። «ማዶ ላሉት እኔ እነግራቸዋለሁ። እርስዎ ይቆዩ።»

«እኔ ያሳሰርኩትን ሰው እኔ ላድነው» አለች።

ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ወንዙ ወረደች። ወንድማማቾቹ ፈንታን ከኋላዋ ሲያዩ ጠመንጃቸውን አነሡ።

«አትንኩት! እሱ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ! እንዳይበርደው ብዬ ነው!»

ወንዙ ገና ያጓራል። ታላቅየው እጁን ከጆሮው ላይ አድርጎ «አልሰማንም! ምን አልሽ?» አለ።

የትምወርቅ ትንፋሿን ስባ እንደገና ጮኸች።