የ«ጥልቁ ጣቢያ» የመጀመሪያ አንባቢዎች

«እኔን እንቅልፍ ነው የወሰደኝ» አለ ዳኛው፣ የወረቀቱን ጥቅል ጥድፌ ጭን ላይ ጣል እያደረገ። «እውነቴን ነው። ሦስተኛውን ክፍል ጀመርኩ፣ ከዚያ እናቴ ናት ለራት የቀሰቀሰችኝ።»

«ሦስተኛውን?» ረጅሟ ከደረጃው ላይ ብድግ አለች። «አንተ ልጅ ጤና የለህም! ለጥድፌ እንደነገርኳት፣ እኔ ሦስተኛውን ካነበብኩ ወዲህ ሽንት ቤት ብቻዬን መሄድ ትቻለሁ። ታናሽ እህቴን እየቀሰቀስኩ ነው የምሄደው። ይኸው በዚሁ ተኳርፈናል።»

ጥድፌ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ታያለች። ጥድፌ ያሏት ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ፈተናውን ከሁሉም ቀድማ አስረከበችና ስሟን መጻፍ ረስታ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሟን የሚጠራት የለም። አሁን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ እግሯ ብቻውን ይወዛወዛል፤ ያዝ ብትለውም አልያዝ ብሏታል።

የሚከራከሩበት ልብ ወለድ ገና መጽሐፍ አልሆነም። የጻፈው የጥድፌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቀን ሞባይል ሲጠግን ይውልና ከሥራ ሲመለስ አሮጌ ኮምፒውተሩ ላይ ይደፋል። አምስት ሰዎች ፀሐይ በማይደርስበት የባሕር ወለል ላይ፣ በአንድ የብረት ጣቢያ ውስጥ ይኖራሉ። ከመካከላቸው አንዷ ሐኪም ናት። አንድ ቀን ግድግዳው ከውጭ በኩል ይንኳኳል። በውጭ በኩል ያለው ግን ውሃ ብቻ ነው።

«ስሙኝማ» አለ ዳኛው። በማንኛውም ጨዋታ ላይ ሳይፈርድ አይሆንለትም። «ሁለተኛው ክፍል ላይ ሐኪሟ የአየር መለኪያውን አየች አይደል? የሚቀንሰው የአንድ ሰው አየር ብቻ ነው። አለቀ! አራቱ ድሮ ሞተዋል፤ በሐሳቧ የምታኖራቸው እሷ ናት። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ምን ያስደነግጠኛል? ለአምስት ሰው ሰሃን ስትደረድር ‹እሺ፣ ገባን፣ ቀጥዪ› ነው ያልኳት።»

«እኔ እኮ መሞታቸውን አላወቅኩም!» አለች ረጅሟ። «አብሬያቸው ገበታ የቀረብኩ ነው የመሰለኝ። በቀልዳቸው ስስቅ ነበር። እንዲያውም አንዱን…» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ወድጄው ነበር። በኋላ ሁለተኛውን ክፍል ሰጠሽኝ። ለካ የለም። አለቀስኩ ስልሽ፣ አትሳቁብኝ።»

የሳቀ አልነበረም። የጥድፌ እግር መወዛወዙን አቆመ።

«ሦስተኛውን ነው መጀመሪያ ያነበብሽው?»

«የሰጠሽኝ አንቺ አይደለሽ? ሁለተኛው ዳኛው ጋ ነው አልሽኝ። እሱ ደግሞ ሲያነብ ኤሊ ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። ወንድሟ በወረቀት ያወጣው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሲሰጣት በሁለት እጁ ይዞ፣ «እንዳትበታትኚው። አንዱ ሲጨርስ ለሌላው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው» ብሏታል። ጥድፌ ደግሞ አንድ ሰው አንብቦ እስኪጨርስ የምትጠብቅበት ትዕግሥት ከየት ታምጣ? ማሰሪያውን ፈታች፣ ሦስት ቦታ ከፈለችው፣ ክፍሎቹንም እጁ ባዶ ለሆነ ሁሉ አደለች። በተራው ያነበቡት ሁለት ልጆች አዛግተዋል። ያለ ተራው የደረሳቸው ሁለቱ ግን መብራት አናጠፋም ብለው በየቤታቸው ወላጆቻቸው ተቆጥተዋቸዋል። እሷ ራሷ በተራው ነበር ያነበበችው። እሷም አዛግታለች፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

የባሰው ሌላ ነው። ወንድሟ ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «ምን አሉ?» ይላታል። የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ፊቱን አየችው። አንጀቷን በላው። ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ «አብደዋል! ከእጄ ሊነጥቁኝ ነው!» አለችው። ውሸት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ በየቀኑ ቀለብ ይፈልጋል። በማግስቱ በጥድፌ አፍ ዳኛው ያላለውን አለ፣ በሦስተኛው ቀን ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ሴትዮ ሳታነብ አደነቀች።

ደወሉ ሲደወል ዳኛው ቦርሳውን አንጠለጠለ። «ለወንድምሽ ይህን ንገሪው እንጂ። ጎበዝ ነው እኮ። ዝም ብሎ ምስጢሩን ቶሎ አፈነዳው።»

«እነግረዋለሁ» አለች ጥድፌ። ከሰዓት በኋላ የተማሩት ሒሳብ ይሁን ጂኦግራፊ፣ ብትጠየቅ አታውቅም።

ቤት ስትደርስ የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ጸጥ ብሏል። አንዲት ደንበኛ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች፤ ትንፋሿን ውጣ፣ ክንዶቿን ከጎኗ ሳትነቅል።

«እንዴት ነው? አይጠብሽም?» ትላለች እናቷ።

«ኧረ ቆንጆ ነው! በጣም ቆንጆ ነው፣ እጅሽ ይባረክ!»

ሴትዮዋ እንደወጣች እናቷ መርፌዎቹን ትንሿ የመርፌ ትራስ ላይ እየሰካች ተነጫነጨች። «ብብቷ ሥር እንዴት እንደያዛት በዓይኔ አይቻለሁ። ጠቦኛል ብትለኝ ምን ነበረበት? አፏ ላይ ቁልፍ አለ? ነገ ሲተረተርባት የሚጠፋው የእኔ ስም ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺስ ምን ያቁነጠንጥሻል? ቁጭ በይ ወይ ውጪ።»

ጥድፌ አልተቀመጠችም፣ አልወጣችምም። ውሃ ቀዳች፣ ሳትጠጣ አስቀመጠችው። መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋችው።

«ወንድምሽ ዛሬ ቶሎ ገብቷል» አለች እናቷ፣ ድምፅዋ ለስልሶ። «ነገ ጠዋት አሳታሚው ዘንድ ሊወስደው ነው። ሰውዬው ‹አንድ ጊዜ አነባለሁ፤ ካልጣመኝ ግን ሁለተኛ አታምጣው› ብሎታል አሉ። ልጄ ግን አልፈራም። ‹ልጆቹ የወደዱትን እሱ ምን ሊለው ነው?› ይላል። እኔ እንኳ ያን የውሃ ታሪክ እፈራዋለሁ፣ አላነበውም።»

ጥድፌ የምትገባበት ጠፋት። አንድ ጊዜ አነባለሁ። ነገ ጠዋት።

ወንድሟ ክፍሉ ውስጥ ሸሚዝ ይተኩሳል። ከኮምፒውተሩ አጠገብ በአዲስ ወረቀት የወጣ ሌላ ቅጂ፣ ጠርዙ እኩል ተደርጎ ተቀምጧል።

«መጣሽ? ነይ ነይ!» አለ። «እስቲ ያቺ ረጅም ልጅ ያለችውን ድገሚልኝ። ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድም ያለችውን።»

«ብላለች» አለች ጥድፌ። ቢያንስ ይህ እውነት ነበር።

«ምስኪን!» ደስ ብሎት ሳቀ። «ያ ዳኛው የምትሉትስ? እሱ ነው የገረመኝ። ‹እንዲህ ያለ አንብቤ አላውቅም› ካለ በኋላ ነው እኮ አሳታሚው ዘንድ ለመሄድ ልቤ የቆረጠው። እንዲያውም የመጀመሪያው ገጽ ላይ አመሰግናችኋለሁ። ሁላችሁንም፣ በቅጽል ስማችሁ።»

ጥድፌ በሩን ይዛ ቆመች። ዝም ብትል ነገ ሸሚዙን ለብሶ ይሄዳል። ምናልባት ሰውዬው ይወደው ይሆናል። ምናልባት። አለዚያም ሦስተኛው ክፍል ላይ ያዛጋና ቅጂውን ጥጉ ላይ ይወረውረዋል፤ ወንድሟም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ወደ ሞባይሎቹ ይመለሳል። ይህ የሁለት ዓመት ሥራው ነው። ይህ ሐሳብ የምር አስፈራት፤ የባሕሩ ታሪክ እንዲህ አላስፈራትም።

«ዳኛው እንደዚያ አላለም» አለች።

«እ?»

«እንቅልፍ ነው የወሰደው። እኔም አዛግቻለሁ። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ አላነበበችውም። አብዛኛውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።» እንደ ልማዷ ተጣደፈች፤ ብትዘገይ የምትቀጥል አልመሰላትም። «ደግሞ በታትኜዋለሁ። ማሰሪያውን ፈትቼ ለየሰው ክፍል ክፍሉን ሰጠሁ። አትበታትኚው ብለኸኝ ነበር።»

ወንድሟ ካውያውን አቆመው። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። «ሳምንቱን ሙሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ሳምንቱን ሙሉ ስትቀልጂብኝ ነበር?»

«አልቀለድኩም! ፊትህን አይቼ ነው…»

«ውጪልኝ።»

እንባዋ መጣ። እግሯ ወደ ኮሪደሩ ሊወስዳት ዞሯል፤ አልሄደችም። «እወጣለሁ። መጀመሪያ ግን ስማኝ። ረጅሟ የፈራችው የእውነት ነው። ያለቀሰችውም የእውነት ነው። እሷ ሦስተኛውን ክፍል ነው ከሁለተኛው በፊት ያነበበችው፣ በእኔ ጥፋት። አየር መለኪያውን ሳታይ። ራት ላይ ሰዎቹ ያሉ መስሏታል። አንዱን እንደውም ወዳው ነበር።»

ወንድሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከሳሎን የስፌት መኪናው ድምፅ እንደገና ተነሣ። ጥድፌ ይጮኽብኛል ብላ ጠበቀች። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር።

«የትኛውን?» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«የትኛውን ሰውዬ ነው የወደደችው?»

«ያንን ዘፈን የሚያበላሸውን።»

አፉ ጥግ ላይ ፈገግታ ሊመጣ ብሎ ተመለሰ። አሁንም ተቆጥቷል፤ አንገቱ ላይ ይታያል። ቢሆንም እጁን ዘርግቶ አዲሱን ቅጂ ከጠረጴዛው አነሣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ዳኛውስ? የቱ ጋ ነው እንቅልፍ የወሰደው?»

ጥድፌ ፊቱን አየችው። ለማስደሰት የሚሆን መልስ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዋጠችው። ወንበሩን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ሳትጣደፍ ገጾቹን ገለጠችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ» አለች። «እኔ ያዛጋሁት ደግሞ ከዚህም በፊት ነው።»