አምስት ሜትር ላይ የቀረው

«ቀስ አድርገሽ ልቀቂው። አምስት ሜትር ላይ ሲደርስ አቁሚ» አለ አንሰን።

ሊዝል ገመዱን በመዳፏ ውስጥ አሾለከችው። ጫፉ ላይ የታሰረው የወንድሟ የመጥለቂያ ኮምፒውተር ነው፤ የእጅ ሰዓት የሚመስል ጥቁር መሣሪያ። ከጀልባዋ ኋላ ወደ ሂውረን ሐይቅ ቀዝቃዛ ውሃ ወረደ። አባታቸው ሁለት እንግዶችን ይዞ ገና አሁን መጥለቁ ነበር። ጭጋጉ ዳርቻውን ስለዋጠው ከጀልባዋ በቀር ምንም አይታይም።

«ግን አንተ ራስህ ለምን ወደ ውሃው አትመለስም?»

«አየሬን ጨርሻለሁ አልኩሽ እኮ! ባክሽ አታካብጂ።»

ሊዝል አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሆኖም ይህን ጉዳይ እንደ ወንድሟ አሳምራ ታውቀዋለች። ጠላቂ ታች ሆኖ የሚተነፍሰው ናይትሮጅን ሰውነቱ ውስጥ ይጠራቀማል። በአንዴ ከወጣ፣ ተንጦ እንደተከፈተ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ፣ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ጥልቀቱንና ጊዜውን እያሰላ «እዚህ ቁም፣ ይህን ያህል ቆይ» ይለዋል። ቆይታውን ሳይጨርስ ለወጣ ሰው መሣሪያው ይቆለፋል። አባታቸው ደግሞ ከእያንዳንዱ መጥለቅ በኋላ የሁለቱንም ኮምፒውተር ሳያይ አያልፍም። የተቆለፈ ካገኘ አንሰን በዚህ በጋ ጀልባዋን አይረግጣትም፤ ይህን አስቀድሞ ነግሯቸዋል።

አንሰን ሆዬ መላ አያጣም። ቆይታውን ኮምፒውተሩ ብቻውን ይጨርስለት!

ሊዝል ጎንበስ ብላ አየች። ውሃው የጠራ ስለሆነ የመሣሪያው ትንሽ አረንጓዴ ብርሃን ከታች ይታያል። ገመዱ አልፎ አልፎ ሳብ ያደርጋታል። ማዕበሉ እንደሆነ ታውቃለች፤ ቢሆንም ታች ሆኖ የያዘው ሰው ያለ መሰላትና ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

ታች የሆነው ትዝ አላት። የሰመጠችው መርከብ ወለል ላይ ሳሉ አንሰን በእጁ «እዚህ ጠብቂኝ» ብሏት ነበር። ከዚያ በመርከቧ ጎን ወደ ጨለማው ብቻውን ወረደ። መብራቱ ጠፋ፣ አረፋው ብቻ እየተንቦለቦለ ይወጣ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ጥልቁ ውሃ እንዳሰከረው ሰው እየሳቀ ነበር፤ ምን እንዳሳቀው ግን አሁን ሲጠየቅ አያውቅም።

«በቃ፣ አውጪው» አለ ከአግዳሚው ላይ።

ሳበችው። የመሣሪያው መስኮት ላይ ቆይታው ማለቁን የሚገልጽ ምልክት በርቷል። ቁልፉን ተጭና የጥልቀቱን መስመር አወጣች። መስመሩ እስከ አርባ ሁለት ሜትር ይወርዳል። ከዚያ ሽቅብ ተወርውሮ ከውሃው ይወጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አምስት ሜትር ላይ ይመለስና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እንደ ኮምፒውተሩ ከሆነ አንሰን እስካሁን ውሃ ውስጥ ነበር፤ ተረጋግቶ፣ የታዘዘውን ሁሉ እየፈጸመ። የዚያኛው አንሰን ደም ንጹሕ ነው።

ሊዝል ፈራች። የራሷን ወንድም ቀና ብላ ለማየት ፈራች።

«ተስተካከለ?»

«አዎ።»

«አላልኩሽም! አሁን የመጥለቂያ ልብሴን ዚፕ ክፈቺልኝ፣ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ።»

ግራ ትከሻውን እያሸ ነበር። ዚፑን ስታወርደው ሆዱ ላይ እንደ መረብ የተዘረጋ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር አየች።

«አንሰን፣ ሆድህን እየው።»

«ብርድ ነው።»

«ብርድ እንዲህ አያደርግም! ደግሞ አንተም ታውቃለህ።»

ዓይኑ ቡዝዝ ብሏል። ሊዝል የኦክስጅኑን ሳጥን ጎትታ ጭምብሉን ፊቱ ላይ አደረገችለት፤ ሳይከራከራት መተንፈስ ጀመረ። ሁልጊዜ የሚከራከር ልጅ ዝም ማለቱ የባሰ አስደነገጣት። ሮጣ የብረት መሰላሉን በመፍቻ ደጋግማ መታችው፤ ውሃ ውስጥ ላሉት ሁሉ «ውጡ» ማለት ነው። ግን አባቷም ቢሆን ቀስ እያለ እንጂ በአንዴ መውጣት አይችልም።

ሬድዮውን ስታነሳ አንሰን እጇን ያዘ። ጭምብሉን ከፍ አደረገ።

«ሊዝ፣ ስሚኝ። አንቺ ምንም ማለት የለብሽም። ሐኪሞቹ የሚያዩት ኮምፒውተሩን ነው። ያ ደግሞ ተስተካክሏል።»

«እሱ ነው እኮ የሚያስፈራኝ።»

«አባዬ ዳግመኛ ውሃ አያስነካኝም። በናትሽ!»

ጭምብሉን መልሳ ገጠመችለትና የሬድዮውን ቁልፍ ተጫነች። ጥሪዋን የተቀበለችው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሴት ድምፅ ከጭጋጉ ውስጥ የመጣ ይመስል ነበር። ያሉበትን ቦታ ጠየቀቻት፣ የወንድሟን ዕድሜ ጠየቀቻት፣ ምን እንደሚሰማው ጠየቀቻት።

«ጥልቀቱስ?»

«አርባ ሁለት ሜትር።»

«ሲወጣ ቆይታውን ጨርሷል? ኮምፒውተሩ ምን ይላል?»

አንሰን ከጭምብሉ በላይ አፍጥጦ ራሱን ይነቀንቃል፤ አትናገሪ እያለ ነው። እስትንፋሱ ጭምብሉን ያደበዝዘዋል፣ መልሶ ይጠራል። በዚህ ዓለም ላይ እንደ እሱ የምትወደው ሰው አልነበራትም።

«ጨርሷል ይላል» አለች።

ሬድዮው ጥቂት ተንኮሻኮሸ። አንሰን ትከሻው ረገብ አለ።

«ግን እንዳታምኑት» አለች ሊዝል። ቁልፉን መልሳ ተጫነችው። «ወንድሜ ምንም አልቆየም። ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። አምስት ሜትር ላይ የቆየው ኮምፒውተሩ ብቻውን ነው።»

«ብቻውን? እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»