የኢዘዲን ስንዝር

«ደብተሩ ቢገኝማ ሥራው አለቀ ማለት ነበር» አለ ስዩም፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ እያደላደለ። «ንድፎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም አይወስድባችሁም።»

ቡርቱካን ወደ ልጇ ዞረች። «ናጅዋ፣ የወንድምሽ ደብተር እንዲያው የገባበት ጠፋ?»

«ወስደውታል አልኩሽ እኮ፣ እማ» አለች ናጅዋ፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ። «ሱቁን ሲበረብሩት ከክሩ ጋር ሄዷል።»

ውሸቷን ነበር። ደብተሩ እዚያው እግሯ ሥር፣ በትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ፣ የሒሳብ ደብተር ልባስ ለብሶ ተቀምጧል። ያገኘችው ከሦስት ወር በፊት፣ ከተማቸውን ይዞ የነበረው ጦር ከመርሳ በወጣ ሰሞን፣ ከተሰበረው መደርደሪያ ጀርባ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ይዛው ትሄዳለች፣ ይዛው ትመለሳለች። ክፍላቸው ዴስክ ስለሌለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቦርሳውን ታቅፋለች። ጓደኞቿ «ሕፃን አዝለሻል እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል።

የልብስ ስፌት ሱቃቸው ሥራ ለሦስት የተከፈለ ነበር። እናቷ ትሰፋለች፤ ወንድሟ ኢዘዲን ይነድፋል፤ ናጅዋ ትጠልፋለች። ኢዘዲን ልብስ ታጥቦበት ያለቀ የሳሙና ስባሪ መስኮት ላይ አድርቆ፣ በዚያች ስባሪ ጨርቁ ላይ ሐረግ ያስወጣል፣ አበባ ያፈነዳል። ናጅዋም ነጩን መስመር ተከትላ በክር ትሄዳለች። ክሩ ያረፈበት ሳሙና እየረገፈ ይጠፋል፤ የተረፈውም ቀሚሱ ሲታጠብ ይሄዳል። ድሮ ይህን ነገር አስባው አታውቅም። አሁን ግን ከዚህ ሌላ የምታስበው ነገር የለም።

ጠረጴዛው ላይ የደንበኛቸው የሩቂያ የሠርግ ቀሚስ ተዘርግቷል፤ ጥቁር አረንጓዴ ነው። የቀኙን ወገን ከደረቱ እስከ ታችኛው ጠርዝ ኢዘዲን ነድፎ ጨርሶታል፤ ግራው ባዶ ነው። ተኩሱ ሲቃረብ ቀሚሱን ዱቄት ዕቃ ውስጥ፣ የስፌት መኪናውን የማሽላ አገዳ ክምር ሥር ደበቁ። ሁለቱም ተረፉ። ለጎረቤት ሕመምተኛ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሲሪንቃ የሄደውን ኢዘዲንን ግን መንገድ ላይ የወደቀ የከባድ መሣሪያ ጥይት ገደለው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ሩቂያ ትናንት መጥታ ነበር። ሠርጓ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ አሁን ኒካሁ ከረመዷን በፊት፣ የፊታችን ዓርብ ነው። «የሙሽራው ጥርስ ሳይረግፍ አድርሱልኝ» ብላ ሁሉንም አስቃ፣ ቀሚሱን ስታይ ግን ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ወጣች።

ስለዚህ ቡርቱካን ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ የሚነድፍላቸው ሰው መፈለግ ግድ ሆነባት። ለዚህ ቀሚስ ብቻ ሳይሆን ከእንግዲህ ለሱቁም ጭምር። ስዩም የመጣው ከወልድያ ነው፤ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ነበረው፣ ከዝርፊያው የተረፈችው ይህች ላፕቶፕ ናት። ቅን ሰው ነው። የኢዘዲንን ንድፍ በስልኩ ፎቶ አንስቶ፣ ገልብጦ፣ ትልቅ ወረቀት ላይ አትሞ አምጥቷል። ወረቀቱን በባዶው በኩል ሲያነጥፉት ቀሚሱ መስተዋት የያዘ መሰለ።

«ማሻአላህ!» አለች ቡርቱካን።

ናጅዋ ስህተት ፈለገችለት፤ አጣች። ይህም አናደዳት።

በሩ ላይ ድምፅ ተሰማ። «አሰላሙ አለይኩም። ሩቂያ ነች የላከችኝ።»

ቶይባ የምትባል ረዘም ያለች ወጣት ናት፤ ከቆቦ ተፈናቅላ ሐራ ዘመድ ቤት የተጠጋች። የሙሽሮችን እጅ ሂና ትሠራለች። በእጇ ምንም አልያዘችም።

«ሂናና ጥልፍ ምን አገናኛቸው?» አለች ናጅዋ፣ ቀስ ብላ ግን እንዲሰማ አድርጋ።

«ወላሂ እኔም መንገዱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የመጣሁት» አለች ቶይባ ሳትቀየም። «እትዬ፣ እጄን ልታጠብ?»

ታጥባ፣ በነጠላዋ አድርቃ፣ ጠረጴዛውን ወደ በሩ ብርሃን እንዲጎትቱላት ለመነች። ከዚያ ዝም ብላ አየች። ቆማ አየች፤ ተንበርክካ ዓይኗን ከጨርቁ አስተካክላ አየች። ቀሚሱን አዙራ አንገቱን ወደ ታች አደረገችና እንደገና አየች። ውጭ የአውቶቡስ ረዳት «ወልድያ፣ ወልድያ!» ይላል። ስዩም በሆዱ «ምን እያነበበች ነው?» ሳይል አልቀረም።

«ግራኝ ነበር?» አለች ቶይባ።

የቡርቱካን እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ደርቆ ቀረ።

ይህን የሚያውቅ ከዚህ ቤት ውጭ አልነበረም። ቁርኣን ቤት ኡስታዙ፣ ትምህርት ቤት አስተማሪው «በቀኝህ!» እያሉ አሳድገውት በቀኙ ይጽፍ፣ በቀኙ ይበላ ነበር። ሲነድፍ ብቻ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሳሙናውን ወደ ግራው ያዛውር ነበር። ባለ ሠርግ «በግራ እጅ የተነደፈ ገድ የለውም» እንዳይል እናቱ ራሷ ናት መጋረጃውን የሰቀለችው።

«ማን ነገረሽ?» አለች ናጅዋ።

«እሱው ነዋ። ነይ እዪ።» ቶይባ ጣቷን ጨርቁን ሳታስነካ በመስመሩ ላይ አስኬደች። «ሳሙና ሲጀምር ይወፍራል፣ ሲጨርስ ይቀጥናል። ይሄ ቅጠል ከቀኝ ወደ ግራ ነው የተሳበው። እዚህ ጋ ደግሞ ከመስመሩ በስተግራ ያረፈው የእጁ ጠርዝ የሳሙናውን ዱቄት አብሶታል። ሂና ስሠራ እኔንም እንዲህ ያደርገኛል።»

ናጅዋ ጎንበስ አለች። ያ መስመር የእሷ ነበር፤ በልቧ ታውቀዋለች፤ ሦስት ወር ሙሉ አይታዋለች። ያችን የታበሰች ቦታ፣ የወንድሟ እጅ ያረፈባትን ያችን ደብዛዛ ነጭ ጥላ ግን አንድም ቀን አላየቻትም። ሱብሃነላህ! እዚያው ነበረች።

ቶይባ ከአንዱ አበባ እስከ ሌላው ስንዝሯን ዘረጋች፤ አልደረሰላትም። አንድ ጣት ጨመረችበት። ወደሚቀጥለው አለፈች፤ ስንዝርና አንድ ጣት። ሦስተኛውም እንደዚያው።

«በእጁ ነው የለካው» አለች። «ትልቅ እጅ ነበረው፣ አይደል?»

ቡርቱካን «አዎ» ለማለት አፏን ከፍታ፣ እንባዋ ቀደማት።

ስዩም ወረቀቱን ከጨርቁ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። «ኮምፒውተሩ ሃያ አራት ሴንቲ ከግማሽ፣ ሃያ አራት ሴንቲ ከግማሽ ሲለኝ ስህተት መስሎኝ ነበር» አለ። «አስተካክዬ ሃያ አምስት አደረግኩት። እጁን ኖሯል ያስተካከልኩት።» ላፕቶፑን ከደነና፣ እንደ ሐዘንተኛ ሁለት እጁን ላዩ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ።

«አሁን አንቺ ግራውን እንደ እሱ አድርገሽ ልትሠሪው ነው?» አለች ናጅዋ።

«አልችልም። ብችልም አላደርገውም። የእሱን እጅ አላስመስልም፤ የራሴን አበባ ነው የምነድፈው። ስንዝሩን ግን የእሱን እይዛለሁ።»

«ከጠለፍኩት እኮ የእሱ መስመር ይጠፋል።»

«ይጠፋል» አለች ቶይባ። «ሳሙና ነው፣ እህቴ።»

ቡርቱካን ፊቷን ጠራረገች። «እኔ እሰፋለሁ እንጂ መስመሩን የምትከተይው አንቺ ነሽ» አለቻት ልጇን። «ከማን ጋር መሥራት እንደምትችይ አንቺው ንገሪኝ። ጋሼ ስዩምም አይቀየሙም።»

«እኔ ታፔላው ከተተወልኝ ይበቃኛል» አለ ስዩም። «በሩ ላይ ያለውን ጥይት በልቶታል፤ 'ልብስ ስፌት' የሚለው 'ስፌት' ብቻ ቀርቷል።»

ሁሉም ትንሽ ሳቁ። ናጅዋ ግን ዓይኗን ከቀሚሱ አልነቀለችም። ክፍት መዳፏን ከአበባ እስከ አበባ ዘረጋችው። ሦስት ጣት ጎደላት። እጇን እዚያው ላይ፣ ወንድሟ እጁን ዘርግቶ ካነሳበት ቦታ፣ ጥቂት አቆየችው። ጨርቁ ፀሐይ መትቶት ሞቅ ብሏል።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። የሒሳብ ደብተሩን ልባስ ላጠችና፣ ውስጥ ያለውን ደብተር በቶይባና በእናቷ መሃል አስቀመጠችው። የኢዘዲን ስም ሽፋኑ ላይ በቀኝ እጁ፣ ጠመም ብሎ ተጽፏል።

«እማ፣ አልወሰዱትም ነበር።»

ቡርቱካን ደብተሩን አየች፤ ልጇን አየች። የሽፋኑን የታጠፈ ጥግ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ አቃናችው፤ ከዚያ ወደ ቶይባ ገፋ አደረገችው።

ናጅዋ ወንበሯን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋች። መርፌዋን ከፍ አድርጋ ነጩን ክር አስገባች፤ ሳሙናው ወፈር ብሎ ከሚጀምርበት፣ ከቀኝ በኩል፣ ወደ ግራ መጥለፍ ጀመረች።