ሴት የነዳችው መኪና

ሀኒያ አልዋሸችም። የተጠየቀችውን መለሰች፣ ያልተጠየቀችውን ዋጠች፤ መኪናዋም ተሸጠች። በዚህ የተነሳ አንዲት ሴት እግሯን አጣች፣ አንድ ሰው ደግሞ የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክሞ ማረፊያ ቤት ገባ። የሆነው ይኸው ነው። የሚቀረው እንዴት እንደሆነ መናገር ነው።

መኪናዋ ነጭ አሮጌ አውቶሞቢል ናት። ባሕር ዳር ከመግባቷ በፊት በሰው አገር ስንት ዓመት እንደሠራች የሚያውቅ የለም። ከገባች በኋላ ግን ለሀኒያ ባል ለመስዑድ ሱቅ ጨርቅ ከወረታ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት፣ የዘመድ ሙሽራ ከማክሰኝት ስታመላልስ ኖራለች። ጠዋት ሲያስነሷት ታስላለች፤ አንደኛው መስኮቷ በእጅ ካልተገፋ አይወጣም። ይህ እርጅና ነው፤ እርጅና ነውር አይደለም። ነውሩ ፍሬኗ ላይ ነበር።

የኋላው ቀኝ ጎማ የፍሬን ዘይት ያፈስ ጀመር። የጋራዡ ባለቤት አገኘሁ ፈትቶ አየና የሚቀየረው ዕቃ እዚህ እንደማይገኝ፣ ከአዲስ አበባ መታዘዝ እንዳለበት ለባልና ሚስቱ ነገራቸው። እስከዚያው ዘይቱ ፈስሶ እንዳያልቅ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን ቱቦ ዘጋው።

«ለጊዜው ነው» አላቸው። «በሦስቱ ትይዛለች። በድንገት አጥብቃችሁ ከረገጣችሁት ግን ወደ ግራ ትስባችኋለች። ከከተማ እንዳትወጡባት።»

ዕቃው አልታዘዘም። ዛሬ ነገ ሲባል ሀኒያ ለመደችው። ፍሬን ስትረግጥ እግሯን ታለሰልሳለች፤ መሪውን ሳታስበው ትንሽ ወደ ቀኝ ያዝ ታደርጋለች። እጅ አንዴ ከለመደ ጉድለቱ ጉድለት መምሰሉን ይተዋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ መስዑድ አንድ ቀን «እንሸጣት» አለ፤ ደላላውን ሰላህንም ጠራው።

ሰላህ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና ከንፈሩን መጠጠ።

«አሮጊት ናት። ግን አሮጊትም ስትኳል ትዳራለች።»

ኳላት። ሞተሯን አሳጠበ፤ ጭሷ እንዲጠፋ ወፈር ያለ ዘይት አስሞላ፤ መቀመጫዎቿን አዲስ ልብስ አለበሰ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋንም ለሚያውቅበት ሰው ሰጥቶ ዕድሜዋን አስቀነሰላት።

«ፍሬኑስ?» አለች ሀኒያ።

«ፍሬኑ አይይዝም እንዴ?»

«ይይዛል።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«አንደኛው ጎማ ተዘግቷል እኮ። ዕቃውን አስመጥተን እናሠራትና እንሽጣት።»

«ለምትፈታ ሚስት ወርቅ ይገዛል እንዴ?»

መስዑድ ሳቀ። ሀኒያ አልሳቀችም። «እንግዲያው ለሚገዛው ሰው እንንገረው» አለች።

«ስሚኝ ሀኒያ» አለ ሰላህ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው መስሎ። «አንዱን ነውር ከነገርሽው ዐሥሩን ደብቃኛለች ብሎ ይሄዳል። ገዢ ዓይን አለው፤ መካኒክ ይዞ ይምጣና ያሳይ። ውሉ ላይ ‹ባለበት ሁኔታ አይቼ ወድጄ ገዝቻለሁ› ብሎ ይፈርማል። ከዚያ ወዲያ ዓባይ ወስዷታል፤ አንቺን የሚጠይቅሽ የለም። ያንቺ ሥራ አንድ ነው፤ መሪው ላይ ተቀመጭ። ‹ሴት የነዳችው› ብዬ ሳወራና ሴቲቱ ራሷ ስትታይ አንድ አይደለም።»

በዚህ አገር መኪና ለመግዛት የዞረ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። ሴት የነዳችው መኪና አልተጋለበችም፣ ገደል አላየችም፣ ከቤትና ከትምህርት ቤት አላለፈችም ይባላል። ቃሉ ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ ደላላ ሚስት ይፈልጋል፣ እኅት ይፈልጋል፤ ሻጩ ወንደላጤ ከሆነ የጎረቤት ሴት ይለምናል። ሀኒያ ይህን ታውቃለች። አውቃ ነው መሪው ላይ የተቀመጠችው።

ገዢው አለበል የሚባል የመራዊ ሰው ነበር። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል፤ ምርቱን በሰው መኪና ማመላለስ ስለሰለቸው ነው የመጣው። መካኒክ አላመጣም። ሀኒያን ሲያይ ጭራሽ አላስፈለገውም። ከጎኗ ተቀመጠ፤ መስዑድና ሰላህ ከኋላ ገቡ፤ እሷም በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ወሰደችው። ሕዝብ የሚዝናናበት ሰዓት ስለነበር መንገዱ በባጃጅ ተሞልቷል። ፍጥነት የለም፣ ድንገተኛ ነገርም የለም። ሀኒያ እግሯን እያለሰለሰች፣ መሪውን ያዝ እያደረገች ሄደች።

«እንዴት ያለ አነዳድ ነው!» አለ አለበል። «እኔ ብሆን ኑሮ ይኼኔ የስንቱን ባጃጅ ቀንድ ሰብሬ ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«እኅቴ፣ ደላላ ያው ደላላ ነው፤ አንቺን ልጠይቅሽ። የምታስቸግርሽ ነገር አለ?»

ሀኒያ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። ሰላህ ዓይኑን አልነቀለም። መስዑድ ወደ ሐይቁ እያየ ነበር።

«ልጆቼን በየቀኑ የማመላልሰው በእሷ ነው» አለች።

«በቃ!» አለ አለበል። «እናት ልጆቿን የምትጭንበትን ታውቃለች። ከዚህ በላይ ምን መካኒክ አለ?»

«ወላሂ እውነቱን ነው» አለ ሰላህ።

አለበል ራሱም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዝግታ ነድቶ ሞከራት። ምንም አላገኘባትም። ውሉ ተፈረመ፤ መኪናዋም ወደ መራዊ ሄደች።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ «ታዲያ ለምን መካኒክ አላመጣም?» ትል ይሆናል። ልክ ነህ፣ ማምጣት ነበረበት። ነገር ግን የገዢው የዋህነት ለሻጩ ፈቃድ አይሆንም። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ሐቅ የሚሆነው ሻጩ የሚያውቀውን ሁኔታ ገዢውም ሲያውቀው ነው። ሻጩ የሚያውቀው ሌላ፣ ገዢው የፈረመበት ሌላ ከሆነ የተሸጠው መኪና አይደለም፤ ወጥመድ ነው።

ክረምቱ እንደገባ፣ አለበል ቲማቲም ባሕር ዳር አራግፎ ወደ መራዊ ሲመለስ አንድ በሬ አስፋልቱ ላይ ዘሎ ወጣበት። ፍሬኑን በሙሉ እግሩ ረገጠ፤ ሌላ ምን ያድርግ? መኪናዋ በረጠበው መንገድ ላይ ወደ ግራ ተወረወረች። በግራው ጠርዝ አገርነሽ የምትባል ሴት የበቆሎ እሸት እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። ሐኪሞቹ ሕይወቷን አተረፉት፤ እግሯን ግን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

ያዩ ሰዎች ያዩትን ተናገሩ፤ ቀኙን ትቶ መጣባት አሉ። መኪናዋን የመረመረው ሰው ፍሬኑን ረግጦ ሞከረና ይይዛል ብሎ ጻፈ። አለበል «መኪናዋ ናት የሳበችኝ» ቢል «ሁሉም እንዲሁ ይላል» ተባለና ታሰረ።

ወሬው ባሕር ዳር ሲደርስ መስዑድ ፊቱ አመድ መሰለ። ክፉ ሰው አይደለም። በማግሥቱ ወደ ማረፊያ ቤቱ ስንቅ ወሰደ፤ ወደ ሆስፒታል ፍራፍሬና ጭማቂ ላከ። ሀኒያ ትሠራለች፣ እሱ ያደርሳል። የአለበል ዘመዶች መረቁት። የሰፈሩ ሰው «እንዲህ ያለ ሻጭ አይተን አናውቅም፤ ለሸጠለት ሰው እንደ ወንድም ደረሰለት» አለ።

በእኛ ዘንድ የታመመ ይጠየቃል፣ የታሰረ ስንቅ ይሄድለታል። መልካም ልማድ ነው። መጥፎ የሚሆነው በእውነት ቦታ ሲተካ ነው። ብዙዎቻችን ለበደልነው ሰው ምሳ መውሰድ እንችላለን፤ «በድየሃለሁ» ማለት ግን አንችልም። ምሳው ሲደጋገም ደግሞ ዕዳችንን የከፈልን ይመስለናል።

ሀኒያም አንድ ጊዜ ራሷ ሆስፒታል ሄዳ ነበር። አገርነሽ አልጋው ላይ ተቀምጣ እግሯ የነበረበትን የብርድ ልብሱን ቦታ በመዳፏ ትዳብስ ነበር።

«አንቺ የማን ነሽ?» አለቻት።

«መኪናዋን የሸጥን ነን።»

«አይ የኔ እመቤት፣ እናንተማ ምን አደረጋችሁ? ያ ሰውየ ነው እንጂ። እንዲያው ምን በድየው ነው?»

ሀኒያ ጭማቂውን አስቀምጣ ወጣች። ለመስዑድ «እንናገር» አለችው፤ «እስቲ ነገሩ ይብረድ» አላት። እሷም አበረደችው። በዚህ ላይ እሷን ነጻ የሚያወጣት ሰበብ የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአለበል አባት፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ከመራዊ ድረስ መጡ። መስዑድ ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው፤ ሀኒያ ለስላሳ ቀዳችላቸው። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ቶሎ አልጠጡም።

«ለማመስገን ነው የመጣሁ» አሉ። «የሥጋ ዘመድ ያላደረገውን አደረጋችሁልን። እግዚአብሔር ይስጥልን።»

«ኧረ ምን አደረግን አባባ» አለ መስዑድ።

«አንድ ጥያቄም አለኝ፤ ለእሷ ነው።» ወደ ሀኒያ ዞሩ። «ልጄ መኪናዋ ወደ ግራ ሳበችኝ ይላል። መጀመሪያ አመንሁት። አሁን ግን አፈርሁበት። ሴቲቱ እግር አጥታ ተኝታለች፣ እሱ በብረት ያሳብባል። ሽማግሎች ለእርቅ ሊቀመጡ ነው፤ ጥፋቱን ካላመነ ደግሞ እርቅ የለም። አንቺ ብዙ ጊዜ ነድተሻታል። ትስብ ነበር ወይ? አትስብም ካልሽኝ ዛሬውኑ ሄጄ ‹ውሸትህን ተው፣ ፍርድ ቤትም አጠፋሁ በል› እለዋለሁ። የእኔን ቃል አይጥልም።»

«በፍጹም አባባ!» አለ መስዑድ፣ ጥያቄው ገና ሳያልቅ። «ሚስቴ ልጆች ስታመላልስባት ነው የኖረችው። እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር...»

ሀኒያ ሽማግሌውን አየቻቸው። ልጃቸውን ክደው እሷን ሊያምኑ ከመራዊ ድረስ መጥተዋል። ልጁም እንደ አባቱ ያመናት እሷን ነበር። አሁን ዝም ብትል አለበል ያላደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ ይፈርዳል፤ በራሱ ላይ፣ በአባቱ ትእዛዝ፣ በእሷ ዝምታ።

«ትስብ ነበር» አለች።

«ሀኒያ!»

«ወደ ግራ ነበር የምትስበው። የኋላው ቀኝ ጎማ ፍሬኑ ተዘግቶ ነበር። እናውቅ ነበር። ልጅዎ ጠይቆኛል፤ አልነገርሁትም።»

አቶ ወልደ ሐዋርያት ለስላሳውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

«ያን ሁሉ ስንቅ ስታመላልሱ» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ይችን አንዲት ቃል መጨመር ከበዳችሁ?»

«ከበደን።»

«ልጄን እኮ ውሸታም አልሁት። በሰው ፊት።»

ሽማግሌው ወደ ሀኒያ ጠጋ አሉ።

«ለእኔ የነገርሽኝን ለፖሊሶቹ ትደግሚዋለሽ?»

«እደግመዋለሁ።»

«እደጅ ነኝ» አሉና ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ለስላሳው እንደተቀዳ ቀረ።

ሽማግሌው እንደወጡ መስዑድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተነሣባት።

«አብደሻል? ውል አለን እኮ! ወድጄ ገዛሁ ብሎ ፈርሟል! ጠበቃ እንቅጠርለት፣ ሴቲቱንም እንርዳት፤ የፈለግሽውን እናድርግ። ይህችን ብቻ አትናገሪ።»

«ሌላው ሁሉ ያለ እሷ ምን ይሠራል?»

«እኔንም አንቺንም ያስሩናል። ልጆቹን አስበሻል?»

«አስቤያለሁ። አለበልም ልጆች አሉት።»

«በከተማው መኪና የሸጠ ሁሉ ይታሰር እንግዲያው! ነውሩን ተናግሮ የሸጠ ማን አለ?»

«አንተ አለህ» አለች። «ሱቅህ ውስጥ ክር የሳተ ጣቃ ስታገኝ ራስህ ዘርግተህ ታሳያለህ። ነውሩን ሸፍኖ የሸጠ ሐራም በላ ትላለህ፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ቃልህን በቃላቸው ይዘውታል።»

«ጨርቅ ሌላ ነው።»

«አዎ፣ ሌላ ነው። ክር የሳተ ጨርቅ የሰው እግር አይቆርጥም።»

መስዑድ ስልኩን አወጣ። «ሰላህን ልጥራው። እሱ ያስረዳሽ።»

«ጥራው። እሱም ያውቅ ነበር፤ አብሮን ይምጣ።»

ስልኩን በእጁ እንደያዘ ቆመ። አልደወለም። ቀስ ብሎ ሽማግሌው የተነሡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«መስዑድ» አለች ሀኒያ፣ ሻርፗን እየተከናነበች። «አለበል ያላየውን እኛ አይተን ነበር። ያየ ይናገራል። ውሉ ላይ ዝም በሉ የሚል የለም። እኔ ስለ ራሴ ልናገር ነው የምሄደው፤ ስለ አንተ አንተ ትናገራለህ። ከመጣህ ደስ ይለኛል። ካልመጣህ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጣቸውና ምሳቸውን ስጣቸው።»

«ዛሬ ባይሆንስ? ነገ ተመካክረን...»

«በነገ ነው እዚህ የደረስነው።»

መስዑድ ቀና ብሎ አያት፤ ከወንበሩ ግን አልተነሣም። ሀኒያ ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።