ሻጋታ ባንድ ሌሊት አይበቅልም

ሟቿ እሑድ ቀትር ላይ በመታጠቢያ ገንዳቸው ውስጥ፣ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ በጀርባቸው ተጋድመው ተገኙ። ማጅራታቸው ከቧንቧው ብረት ጋር ተጋጭቷል። ሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ የጣት ምልክት ስለነበረ አዳልጧቸው ነው የሚል ሰው አልተገኘም።

መርማሪዋን ከበሩ ላይ የተቀበላት ግን ሽታ ነው። የሬሳ ሽታ አይደለም፤ ሴትዮዋ ከሞቱ ገና አራት ሰዓት ቢሆን ነው። እርጥብ ካልሲ ጫማ ውስጥ ሰንብቶ ሲወጣ እንደሚሸተው ነው። አፍንጫዋ እየመራት ከገንዳው በላይ የተንጠለጠለውን ነጭ የፕላስቲክ መጋረጃ በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገች። እጥፋቶቹ ተጣብቀው ስለነበር ሲላቀቁ ቆዳ የሚገፈፍ ይመስል ነበር። በየእጥፋቱ ጥቁር ሻጋታ ከላይ እስከ ታች በመስመር በመስመር ወርዷል። ግርጌው አራት ጣት ያህል ሮዝማ ዝልግልግ ነገር ለብሷል። ዝልግልጉ ጣቷ ላይ ቀረ።

«አየሽው አይደል፣ ወንፊት?» አለ የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ፣ አፍንጫውን በመሐረብ እንደያዘ። ወንፊት ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ገለባ በእሷ በኩል አያልፍም ለማለት። «ሠራተኛዋ ይሄን ትናንት ቅዳሜ አጥቤዋለሁ ብላ ማለች። ይሄ የታጠበ ነው? በመጋረጃ የዋሸች በነፍስም ትዋሻለች። የግቢው በር ከውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የዋሸችው አንዷ ናት። አሥር ሰዓት ላይ ይዣት እሄዳለሁ።»

«አሁን ዘጠኝ ነው።»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ልትዪኝ ነው።»

«ውሃው ከጥሩ አልሆነልኝም» አለች ጣቷን በሶፍት እየጠረገች። «ከሥሩ ልጀምር።»

ሠራተኛዋ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ፣ በካቴና እንደታሰረች ተቀምጣለች። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሷል።

«ልጅ አለሽ እህቴ?»

«የሰባት ወር ሴት። ጎረቤት ትቻት ነው የመጣሁ። ጡጦ እንቢ ትላለች፤ ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም።» እጇን አንስታ እንባዋን ልትጠርግ ሞከረች፤ ካቴናው ጎተታት። «ከወሰዱኝ ማን ያጠባታል?»

መርማሪዋ ቃል አልገባችላትም። «መጋረጃውን እንዴት ነው የምታጥቢው? እየሠራሽ እንደሆነ አድርገሽ ንገሪኝ።»

«መጋረጃውን?» ሠራተኛዋ ግራ ገባት። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀለበቱ አወልቀዋለሁ። ከሁለት አሮጌ ፎጣ ጋር ማሽን ውስጥ፣ ለብ ባለ ውሃ፤ ፎጣው ያሸዋል። ሳሙናና አንድ ኩባያ አቼቶ። በረኪና ግን ከአቼቶ ጋር በፍጹም! እትዬ የመድኃኒት ባለሙያ አይደሉ? ‹ሁለቱን ያገናኘሽ ቀን አንቺንም እኔንም ገደልሽ› ይሉኛል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እሳቸው ደግሞ ታጥበው ሲጨርሱ ያራግፉታል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጉታል፣ መስኮቱን ይከፍታሉ። አጥፈውት አያውቁም። ‹የታጠፈ እርጥብ ነገር ይሸታል፣ ሰውም ቢሆን› ይላሉ።»

«ዛሬስ አየሽው?»

«ጠዋት ገንዳውን ሳጸዳ ነጭ ነበር። እትዬን ወድቀው ሳገኛቸው ግን… መጋረጃ ማን ያያል?»

«የት ነው የተገዛው?»

«እንጃ፤ ባለፈው ዓመት አንድ ዓይነት ሦስት ገዝተው መጡ። አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ ፎቅ ላይ ላሉት ተከራይ፣ አንዱ ጓሮ ላሉት ለጋሼ።»

ተከራዩ የጥርስ ሐኪም ነው። ሻወሩን ልየው ስትለው ደስ አለው። «ይግቡ፣ ይግቡ! ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ የሚውል ሰው ቤቱን ካላጸዳ ያብዳል።» መጋረጃው ተዘርግቶ፣ ደርቆ፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ገንዳ የለውም፤ ውሃው ወለሉ ላይ ነው የሚወርደው፤ መጋረጃው ግን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ተደርጎ ተሰቅሏል።

«የሰሙት ነገር አለ?»

«አምስት ሰዓት ገደማ እትዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ‹እስከ መጪው እሑድ ብቻ!› አሉ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። የሰው ነገር ይቅርብኝ ብዬ በሬን ዘጋሁ።» ዓይኑን ከእሷ ላይ አሸሸ። «ባልዘጋው ይሻል ነበር፣ አይደል?»

ጋሼ የሚሉት የሟቿ ባል ወንድም ነው። ወንድሙ በሞተ ሰሞን ለሁለት ወር ብሎ የጓሮውን ክፍል ያዘ፤ ስምንት ዓመት ሆነው። ክፍሉ ውስጥ ያልታጠበ ሳህን ላይ ሳህን ተደራርቧል። አንዱ ኩባያ ውስጥ የቀረ ወተት አረንጓዴ ጸጉር አብቅሏል። ሰውየው አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ አያት።

«አሁንስ ሠራተኛዋን ያዛችኋት አይደል? እኔ ድሮም ዓይኗ አይጥመኝም ነበር።»

«የሻወርዎ መጋረጃ የት አለ?»

«ኖሮኝም አያውቅ። ወንድ ልጅ በመጋረጃ ምን ይሠራል?»

ወደ ሻወሩ ገባች። ዘንጉ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል፤ ቀለበቶቹ ባዷቸውን ናቸው። ወለሉ ከጫማዋ ጋር ተጣበቀ። በስተግራ ጥግ፣ መስኮት የማይደርስበት ግድግዳ ላይ፣ ዓይኗን ተክላ ረጅም ጊዜ ቆመች። ወጥታ ጓሮ ከቆመው ፖሊስ ሜትር ተቀበለችና በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ጠራች።

መጋረጃውን ራሷ ተሸክማ ገብታ ምንጣፉ ላይ ዘረጋችው። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ኃላፊው መሐረቡን ፈለገ። ጋሼ ብቻ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ የሟቿ መጋረጃ አይደለም» አለች። «ሠራተኛዋ አልዋሸችም። ሻጋታ ባንድ ሌሊት እንዲህ አይበቅልም፤ ወራት ይፈልጋል። እትዬ ቤት ደግሞ መጋረጃ በሳምንት አንዴ ይታጠባል፣ በየቀኑ ይዘረጋል። ይሄኛው ግን ሁልጊዜ እርጥቡን ወደ ግራ ተገፍቶ እንደታጠፈ የኖረ ነው። መስመሮቹን እዩአቸው፣ በእጥፉ ልክ ነው የወረዱት።»

«ሌላ ቤት የነበረ ነው እንበል» አለ ኃላፊው።

«ገንዳ የሌለው ቤት። የእትዬ መጋረጃ ጫፉ ገንዳ ውስጥ በአየር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ይሄ ግን አራት ጣት ያህል የቆመ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከርሟል። ገንዳ የሌላቸው ሁለት ናቸው። የሐኪሙ መጋረጃ ከወለል ከፍ ብሎ በቦታው አለ። የጋሼ የለም።»

«አልኩሽ እኮ፣ ኖሮኝ አያውቅም!»

«ኖሮዎት ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ኖሯል። ሲላቀቅ ሻጋታውን ግድግዳው ላይ አተመው፤ ሰባት ጥቁር መስመር። እዚህም ጫፉ ላይ ሰባት ነው። በሜትር ለካሁት፤ የመስመሮቹ ርቀት አንድ ነው።»

«ለምን ይለዋውጠዋል?» አለ ሐኪሙ።

«እትዬ ሲወድቁ መጋረጃውን ይዘው ቀደውት መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ የገፋቸውን እጅ ሳይቧጭሩ አልቀሩም፤ ደሙ መጋረጃው ላይ ቀርቷል። ባዶ ዘንግ ቢተው ሠራተኛዋ ወዲያው ‹መጋረጃውስ?› ትላለች። ሦስቱም አንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት ነጭ ናቸው፤ የራሱን አምጥቶ ሰቀለ። መጋረጃ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ይሄን ስሕተት አይሠራም። ጋሼ፣ እባክዎ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ።»

አላወጣም። ፖሊሱ ግን በዚያው ቅጽበት ከጓሮ በኩል ገባ፤ በእጁ ከፍራሹ ሥር ያገኘው የታሰረ ፌስታል አለ። ሲከፈት ንጹሕ፣ ነጭ፣ የተቀደደ መጋረጃ ወጣ፤ አንድ ጎኑ ላይ ደም ደርቆበታል።

«ገፋ ነው ያደረግኳት» አለ ጋሼ፣ ለማንም ሳይሆን ለምንጣፉ። «እስከ እሑድ ክፍሉን ልቀቅ አለችኝ። ግማትህ ግድግዳዬን አልፎ ገባ አለችኝ። ወንድሜ ቢኖር እንዲህ አትለኝም ነበር።»

«ወንድምዎ ስለሌለ ነው ስምንት ዓመት የታገሡዎት» አለች መርማሪዋ።

ኃላፊው የሠራተኛዋን ካቴና ፈታ። ከመንገዷም ገለል አለላት። ሐኪሙ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ቆሟል። «ነይ እህቴ፣ ላድርስሽ።»

ጋሼን ሲያስነሱት ምንጣፉ ላይ የተዘረጋውን መጋረጃ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ጥቁሮቹን መስመሮች፣ ዝልግልጉን፣ ሁሉንም። ከልቡ ግራ እንደተጋባ ሰው ቀና አለ።

«ምኑ ነው ግን ቆሻሻው?»

ሠራተኛዋ በሩ ላይ ዞር አለች። የእጇን አንጓ እያሻሸች ለአፍታ አየችው።

«እርስዎ አያዩትም፣ ጋሼ» አለችና ወደ ልጇ ሮጠች።