ሁለት ሰው የማያድርበት ዳርቻ

የሳዶር ነጋሪት ማንም ሳይጎስመው በራሱ ጮኸ። ጎሕ ሲቀድ ነበር። ከተማው በሙሉ ከመኝታው ተነሥቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲተም፣ ንጉሥ ኤልሞዳም ሰይፉን መዝዞ ሲወጣ፣ የነጋሪቱ ማደሪያ በሩ ተገንጥሎ፣ ወለሉ በጨው ውኃ ርሶ ተገኘ። ነጋሪቱ የለም። ከደጁ እስከ ታላቁ ወንዝ ድረስ አንዳች ግዙፍ ነገር ሆዱን እየጎተተ ያለፈበት ዱካ ሣሩን አቃጥሎታል።

ሽማግሌዎቹ ዱካውን አይተው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ነጋሪቱ ተራ ነጋሪት አልነበረም። የንጉሡ ቅድመ አያት ወደ ምዕራቡ ባሕር ወርዶ፣ ላሆት የምትባለውን የባሕር አውሬ ግልገል ገድሎ፣ በቆዳው ያስወጠረው ነው። ድምፁ በተሰማበት ምድር ዝናብ በጊዜው ይወርዳል፤ የጠላት ጉልበት ይብረከረካል። ሳዶሮች ስለዚህ በረከት ሲዘፍኑ፣ ቆዳው የአንዲት እናት ልጅ መሆኑን ከዘፈናቸው አውጥተውታል። እናቲቱ ግን አልረሳችም።

ንጉሡ ነጋሪት ጠባቂውን አለቃ ዘርጋውን አስቀርቦ ፈረደበት።

«የክረምቱ የመጀመሪያ ነጎድጓድ ሳይሰማ ነጋሪቴ ከተመለሰ ነፍስህን ምሬሃለሁ። ካልተመለሰ ግን ያንተን ቆዳ አስገፍፌ በምትኩ አስወጥራለሁ። ሳዶር ያለ ነጋሪት ክረምት አይገባባትም!»

መኳንንቱ ለፍርዱ እጅ ነሡ። ቆዳው የራሳቸው እስካልሆነ ድረስ ፍርድ ሁሉ ይጥማቸዋል።

ከሕዝቡ መካከል አንዲት ወጣት ወጥታ በንጉሡ ፊት ቆመች። ናርዶስ ትባላለች፤ የአለቃ ዘርጋው አንድያ ልጅ ናት። እናቷ ስትወልዳት ሞታለችና አባትም እናትም የሆናት እሱ ነው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! ወደ ባሕሩ እወርዳለሁ። ነጋሪቱን ይዤ ካልተመለስሁ ሬሳዬን አሞራ ይብላው። አባቴን ለማዳን ልከፍለው የማልደፍረው ነገር ቢኖር ሰማይና ምድር ይፍረዱብኝ!»

ሕዝቡ እልል አለ። መሐላ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ዋጋው ገና ነው።

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። ክንፉና ደርሶ የአክስቷ የወይዘሮ አንጓች መንታ ልጆች ናቸው። አብረው ከማደጋቸው የተነሣ አንዱ ሲያነጥስ «ይማርህ» ቢሉት፣ «ያኑራችሁ» ብሎ የሚመልሰው ሌላው ነው። ጎልማሶች ሆነውም፣ ጦር ሜዳ ውለውም፣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ባንድ ጋቢ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሰው ይሥቅባቸዋል፤ እነሱም አብረው ይሥቃሉ።

ሦስቱም ደጋውን ወረዱ፣ በረሃውን አቋረጡ፣ ከምድሪቱ ጫፍ ደረሱ። እዚያ ወደብ የለም፤ መንገድ የለም፤ መንደርም የለም። ጥቁር ገደል ላይ ጥቁር ገደል ተደርቦ፣ ባሕሩ ሥሩን እየገመጠ ያጓራል። ነፋሱ ጨው ይዞ ፊት ይቆርጣል። በዚህ ሁሉ መካከል፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ ማዶ አንድ፣ ትናንሽ ጭሶች ይታያሉ። ሁለት ጭስ የተጠጋጋበት አንድም ቦታ አልነበረም።

የዳርቻው ሰዎች ላሆትን በስሟ አይጠሩም። መንገድ ልትመራቸው የተስማማችው ወደሬ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ ሕጉን ገና እንደ ተገናኙ ነገረቻቸው።

«ቀን ቀን አብረን እንሄዳለን፣ አብረን እንበላለን። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንበተናለን። አንዱ ሲስል ሌላው እስከማይሰማው ድረስ ተራርቃችሁ ታድራላችሁ። እሷ ዐይን የላትም፤ የምትሰማው ግን ሁለት ትንፋሽ አንድ ላይ ሲተኛ ነው። ከልጇ ጋር እንዲያ ትተኛ ነበረና አትችለውም። ከባሕር ወጥታ ትመጣለች።»

«ባልና ሚስትም እንዲሁ ነው?» አለ ደርሶ።

«እንዲሁ ነው።»

«ታዲያ በዚህ አገር ልጅ እንዴት ይወለዳል?»

«ቀኑ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?» አለችው ወደሬ፤ መንትዮቹም ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ።

ክንፉ ግን አልተዋጠለትም። «እሜት ወደሬ፣ እኛ አገር ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል።»

«እዚህ አንበሳ የለም፣ ልጄ። ደግሞ ሌላም አለ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወደ ሰው እሳት መሄድ ክልክል ነው። ቢታመምም፣ ቢጮህም።»

«ቢጮህስ ምን እናድርግ?»

«ጆሯችሁን ድፈኑ። ሊያድኑ የሮጡትን ነው ብዙ የቀበርነው።»

በማግሥቱ አዳሩን አስተማረቻቸው። ማዕበሉ የተፋው የባሕር ሣር ከቆመበት መስመር በላይ ዓለት ሥር መጠለል፣ ባሕር የጣለውን እንጨት ለቅሞ ከድንጋይ ኋላ ትንሽ እሳት ማንደድ፣ ከገደሉ የሚንጠባጠበውን ውኃ በስልቻ ማጠራቀም፣ ከዓለቱ ላይ ቀንድ አውጣ በቢላዋ ፈልቅቆ መጥበስ። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ ከየማደሪያው ወጥቶ «ነጋልኝ!» እያለ ይጮኻል። ድምፁ ያልተሰማ ሰው ካለ ፍለጋ የሚሄዱት ያን ጊዜ ነው፤ የሚያገኙትም ጥቂት ነው። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ማደሪያ አልፈው ሄዱ። አንድ ምድጃ፣ ጎን ለጎን የተነጠፈ የሁለት ሰው የሣር መኝታ፣ ዓለቱ ላይ ደግሞ ዝናብ ያላጠበው ጥቁር እድፍ። ወደሬ ሳታቆም አለፈች።

ናርዶስ ብቸኝነቱን ቻለችው። መንትዮቹ አልቻሉም። ከመሬት መንቀጥቀጥ በቀር የሚፈሩት ያልነበራቸው ሰዎች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ሕፃን ይተያዩ ጀመር። ደርሶ ሌሊቱን ተቀምጦ ያነጋል። ክንፉ ጀርባውን ለዓለት ሰጥቶ ይሞክራል፤ ዓለት አይተነፍስም። ዐይናቸው ቀላ፤ እየሄዱ ያንቀላፉ ጀመር። አንድ ቀን ክንፉ ቁልቁል ሊወድቅ ሲል ናርዶስ በቀበቶው ጎትታ አስቀረችው።

በመጨረሻም የላሆት ዋሻ ደረሱ። ውኃው ሲሸሽ አፉ ይከፈታል፤ ሲመለስ ይዘጋል። ናርዶስ በሆዷ ተስባ ከላይ በተሰነጠቀው ዓለት ወደ ውስጥ ተመለከተች። አውሬይቱ ተጠቅልላ ተኝታለች። አንገቷ የዋርካ ግንድ ያህላል፤ ዐይን ሊኖር በሚገባበት ቦታ እንደ ጆሮ ያሉ ስስ ክንፎች ይርገበገባሉ። በጥቅልሏ መካከል ነጋሪቱን ይዛለች፤ አልፎ አልፎም ቆዳውን በምላሷ ትልሳለች። ናርዶስ ይህን ስታይ ልቧ ራራ። ወዲያው የአባቷን ጀርባ አሰበችና ርኅራኄዋን አፈነችው።

ቀን በቀን ላይ ተደረበ፤ ላሆት ግን ንቅንቅ አላለችም። ልጇን አግኝታለች፤ ለምን ትወጣለች? በምሥራቅ፣ በሳዶር ተራሮች ላይ፣ ደመና ይከመር ጀመር።

«እሜት ወደሬ፣ ምን ያስወጣታል?» አለች ናርዶስ።

«ነግሬሻለሁ። ከሁለት ትንፋሽ በቀር የሚያስወጣት የለም።»

አሮጊቷ ፊቷን አየቻት።

«ልጄ፣ አሁን ያሰብሽውን አታስቢ።»

«ምንም አላሰብሁም።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ፣ ከሳዶር ወዲህ ባለው በረሃ ላይ፣ መብረቅ ብልጭ አለ። ድምፁ አልደረሰም፤ ገና ነው። ናርዶስ ወደ መንትዮቹ ሄደች። ከዋሻው ወዲህ ባለው ጠፍ መሬት ላይ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ቁስል ያጥባል።

«የምሥራች አለኝ» አለቻቸው። «እሜት ወደሬን ጠይቄ ተረዳሁ። ሕጉ የሚሠራው ከዋሻዋ ርቆ ነው። በደጇ ላይ አትሰማም፤ የገዛ ባሕሯ ጩኸት ያደነቁራታል። ዛሬ አብራችሁ እደሩ። ጎበዞቼ ናችሁ፤ ነገ ኃይል ያስፈልገናል።»

ደርሶ ጉልበቷን ሳመ። ክንፉ አለቀሰ፤ በማልቀሱም አፍሮ ሣቀ።

እውነቱን ብትነግራቸው እሺ ይሉ ነበር ይሆናል። ለአጎታቸው ነፍስ፣ ለመሐላዋ፣ ለሳዶር ሲሉ በፈቃዳቸው ይተኙ ነበር ይሆናል። እሷ ግን «ይሆናል» በሚል ቃል የአባቷን ቆዳ ልታስይዝ አልፈለገችም። ስለዚህ ዋሸች፤ ከዋሸችም በኋላ ጋቢያቸውን አንጥፋ ሄደች።

ፀሐይ ጠለቀች። ወደሬ ከሩቁ ማደሪያዋ ሆና በነፋሱ ውስጥ የሁለት ሰዎችን ሣቅ ከአንድ ስፍራ ሲመጣ ሰማች። ምን እንደ ተደረገ ገባት። ተነሣች፤ ደግሞም ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወደ ሰው እሳት ሄዳ አታውቅም፤ እናቷ ስትጮህ እንኳ አልሄደችም። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ራሷንም በቁርበቷ ሸፈነች። ሕግ እንዲህ ነው፤ ሰውን ሊያድን ተሠርቶ፣ ሰው ሲያልቅ ቁጭ ብሎ ያያል።

ናርዶስ በዋሻው ውስጥ፣ በዓለት ስንጥቅ፣ እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ቆማለች። አንድ ሰው እንጂ ሁለት አይደለችምና ላሆት ከቁብ አልቆጠረቻትም። የመንትዮቹ ሣቅ ቀስ በቀስ ዝግ አለ፤ ያን ሁሉ ሌሊት ያልተኙት ወዲያው ነበር እንቅልፍ የጣላቸው። ያን ጊዜ የአውሬይቱ ክንፎች ቀጥ ብለው ቆሙ። ጥቅልሏን ፈታች፤ ነጋሪቱን በአፍንጫዋ ወደ ግድግዳው አስጠግታ፣ ጎኗ የናርዶስን ደረት እየፈተገ ወጣች። ከሰውነቷ የሚወጣው ድምፅ የለቅሶ ድምፅ ይመስል ነበር።

ናርዶስ ነጋሪቱን አዝላ በጠፍር ስታስር ጩኸት ሰማች። ክንፉ ነው።

«ናርዶስ! ወጥታለች! እኛ ጋ ናት፤ አንቺ ሽሺ! ሽሺ ናርዶስ!»

አልተረገመችም። አልተጠረጠረችምም። ደርሶም ስሟን አንድ ጊዜ ጠራ፤ የቀረው አጥንት ሲሰበር የሚሰማ ነገር ነበር። ናርዶስ ሮጠች። እያለቀሰች ሮጠች፤ ግን አንዴም አልቆመችም፤ ነጋሪቱም በየርምጃዋ ጀርባዋን ይመታት ነበር። ከኋላዋ ላሆት ወደ ዋሻዋ ተመልሳ ባዶ ሲሆንባት ያሰማችው ጩኸት ከገደሉ ላይ ድንጋይ አረገፈ።

ጠዋት «ነጋልኝ!» የሚል የወደሬ ድምፅ ተሰማ። የመለሰላት የለም። አሮጊቷ መጥታ ናርዶስን ነጋሪቱን አቅፋ ተቀምጣ አገኘቻት።

«መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ብቻሽን ሂጂ» አለቻት። «እኛ ለየብቻ የምናድረው እንዳንገዳደል ነው። አንቺ ግን አብሮ ማደርን መግደያ አደረግሽው።»

ናርዶስ የሳዶር በር ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። በአደባባዩ አባቷ ራቁቱን ከግንድ ታስሮ፣ ቆዳ ገፋፊው ቢላዋውን እየሳለ፣ መኳንንቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነጎድጓዱን ይጠብቃሉ። ነጋሪቱን ከጀርባዋ አውርዳ በጡጫዋ ጎሰመችው። ምድር ተንቀጠቀጠች። ነጎድጓዱ የመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዝናቡም ወረደ።

ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሣ። «ሳዶር ሆይ፣ ይህችን እዪ! ክንፉና ደርሶ በፈቃዳቸው ደረታቸውን ለአውሬ ሰጥተው ነጋሪትሽን አስመልሰዋል። ስማቸው ከነጋሪቱ ጋር ይጠራ!» አለ። እንዲህ ብሎ የነገረው ማንም አልነበረም፤ ነገሥታት ታሪክ ማሳመር ያውቁበታል። አዝማሪዎቹ ወዲያው ተቀበሉት። ናርዶስ ስትጠየቅ የነገረቻቸው የክንፉ የመጨረሻ ጩኸት ግጥም ሆነ፤ ናርዶስም ሕዝቡ አብሮ ሲያዜመው ቆማ ሰማች። ወንዙም አውሬይቱ እንዳትመለስ በብረት ሰንሰለት ታጠረ።

ቤት ሲገቡ ለአባቷ እውነቱን ነገረችው። እንዲረግማት ፈልጋ ነበር። አለቃ ዘርጋው ገመዱ የላጠውን እጁን እያየ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ» አላት።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አንጓች ገባች። የሁለት ልጆቿን ኀዘን ለብሳለች። አለቃ ዘርጋው ለእኅቱ ሊነሣ ሞከረ፤ እሷ ግን በቀጥታ ወደ ናርዶስ ሄዳ ፊቷ ተቀመጠች።

«አንዲት ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ልጄ። በዚያ አገር ሰው የሚያድረው ተለያይቶ ነው አሉ። ልጆቼ የሞቱት ተለያይተው ነው?»

«አይደለም፣ አክስቴ። ባንድ ጋቢ ነበሩ።»

«ጀርባ ለጀርባ?»

«ጀርባ ለጀርባ።»

ሴትዮዋ ከረጅም ጊዜ በኋላ ትንፋሿን ለቀቀች። «ማን ፈቀደላቸው?»

«እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ አንጓች የናርዶስን ሁለት እጆች ይዛ ሳመቻቸው፤ እንባዋም በጣቶቿ መካከል ወረደ። «እሰይ የኔ ልጅ። ይህን ይህን ስፈራ እንቅልፍ አልነበረኝም። ለልጆቼ ያደረግሽላቸውን፣ በምትወልጃቸው ልጆች አምላክ ያድርግልሽ።»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ምነው? አሜን በይ እንጂ» አለቻት አክስቷ።

ናርዶስም «አሜን» አለች።